አልቀረም ቀረ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰዋስው አስተማርሁ፣
ድሬ ጫቷን ስትቅም እኔ ጠመኔ ቃምሁ።
ባለቤት ከማሰሪያ ሳጋባ ሳፋታ፣
ግንቦት ሲጋግረን ከጠዋት እስከ ማታ፣
ስንት ስም ጠራሁኝ፣ ስንት «አቤት» ሰማሁ፤
ባንዱ ልጅ ስም ብቻ ተደናቅፌ ቀረሁ።

አልቀረም ይባላል።
እስቲ ተንትኑት፦ ስም ነው ወይስ ማሰሪያ?
ከፊቱ «አል»፣ ከኋላው «ም»፣
እንደ ፉርጎ ተቆላልፎ፣ መሐሉ ላይ «ቀረ» ታስሮ።
ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ሱሪ የለበሰ፣
ደብተሩን በላስቲክ አስሮ ከገንደ ቆሬ የገሰገሰ።

አባቱ ፍሬን ያዥ ነበር፣ የጂቡቲ መስመር፤
ሰኞ ይገባል ሲባል ሐሙስም አልነበር።
ጎርፍ ሐዲዱን በላው አሉ፣ ከደወሌ በታች፤
«ቀረ» የሚል ወሬ ይዛ ትደነቅ ምጥ ላይ ሳለች፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አንድ ፉጨት ተሰማ፤
በመስኮት ብቅ አለች አዋላጇ ሐሊማ፤
«አልቀረም!» ብላ ጮኸች።
ልጁም ዱብ አለ፣ እንደ ተጠራ።

የምድር ባቡሩ ጸሐፊ በፈረንሳይ ፊደል
«አልኬሬም» ብሎ መዘገበው።
ትርጉሙን ሲነግሩት ብዕሩን አስቀምጦ
«ይሄማ ስም አይደለም» አለ፣ «ቴሌግራም ነው።»

ከዚያ ወዲያ ነው እንግዲህ የቋንቋው መከራ።
«ማን ቀረ?» ስል አለቃው ኢብሳ ይቆምና
«አልቀረም» ይለኛል።
«ጎበዝ! ሁሉም መጥቷላ!»
«ኧረ አቦ ቲቸር፣ አልቀረም ነው የቀረ!»
ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።
በቀይ ብዕር «አልቀረም ቀረ» ብዬ እጽፋለሁ፣
የጻፍሁትን ሳነበው ራሴን እጠራጠራለሁ።
በማግስቱ «አልቀረም መጣ»። ይሄስ ደግ።
«አልቀረም አረፈደ»፣ «አልቀረም ወደቀ»፣ «አልቀረም አለፈ»፣
ሁሉም ልክ፣ ሁሉም ዘመም ያለ።

ሰፈሩማ ብሶበት ነበር።
ሱቅ ደጃፍ «ስኳር አለ?» ሲባል፣ «አልቀረም» ሲል ሻጩ፣
«አቤት!» ይላል ልጁ ከመንገድ ማዶ ሮጦ፤
ባለቀ ነገር ሁሉ እሱ ነው የሚጠራ።

ሐሊማ የሞተች ለት፣
ልጅ ያልወለደችው፣ ግማሹን ሰፈር በእጇ የተቀበለችው፣
አንድ ሽማግሌ ከጀናዛው አጠገብ አንገታቸውን ደፍተው
«ለዚች ሴት ሰው አልቀረም» አሉ።
«አቤት» አለ ልጁ።
ትከሻውን ሰጠ።
ያን ቀን ማንም አልሳቀም።
እኔም አላረምሁም፤ ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነበረ።

ኋላ ባቡሩም ዛገ፤ ፉጨቱን ረሳነው፤
ፍየል ሐዲዱ ላይ ተኝታ ታመነዥካለች።
ጂቡቲ የሚወርድ የሽንኩርት መኪና በሌሊት ሲነሣ
ከጆንያ መሐል የትምህርት ቤት ሸሚዝ አየሁ አለ ኢብሳ።
አንድ ቀን። ሦስት ቀን። አንድ ወር።
«አልቀረም ቀረ»፣ «አልቀረም ቀረ»፣
ቀዩ ቀለም እስኪያልቅ።

ሰኔ ላይ እናቱ መጣች፣ ጫማዋ የደቻቱ አሸዋ ለብሶ።
«ማንበብ አልችል፤ መዝገቡ ስለ ልጄ ምን ይላል?»
እኔ፣ «ማሰሪያ መጨረሻ ነው ቦታው» እያልሁ
የስንቱን መዳፍ በማስመሪያ ያቀላሁ፣
ጣቴን ከቃሉ ሥር አኑሬ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
እንደ ሐሊማ ቁርአን፣
አነበብሁላት፦
«ቀረ… አልቀረም።»

ጥቂት ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለች።
«ይሄንንማ እኔም አውቃለሁ» አለች፤
«ለዚህ ነው እንዴ ደሞዝ የሚሰጡህ?»